የይበልጣል ሽቦና የእኔ አራት ቀን

ይህ የገጠመኝ ካቻምና ሐምሌ ላይ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ሰው ስለበደለኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር፤ በደልማ ማን ያልደረሰበት አለ። የማልረሳው በቀሌን እንዴት እንደተወጣሁ ነው። አንባቢ እንዲያውቀኝ አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ቂም ቶሎ የሚለቀኝ ሴት አይደለሁም። እናቴ ነፍሷን ይማረውና "አንቺ እኮ የተበደልሽውን እንደ ዘር እህል ነው የምታስቀምጭው" ትለኝ ነበር።

ውዴ እባላለሁ፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ኮሌጅ ያስተምራል፤ ያን ሰሞን ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። እኔ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ ቴርሞሜትር ይዞ መዋል ነው፤ ቀለሙ የሚገባበት ውሃ ሙቀቱ ትንሽ ከተዛነፈ ጨርቁ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል።

አባቴ መሪጌታ ጥበቡ የብራና ጸሐፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አንበሳሜ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። በሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት አንዱ ዳዊት እንዲጽፉለት ሰጥቷቸው መቶ አሥረኛው መዝሙር ላይ እንደደረሱ ቁርጥማት ጣታቸውን ያዘው። በበጋ ይሻላቸዋል። ክረምት ሲገባ ግን ጣታቸው ብርዕ አይጨብጥም፤ ቢጨብጥም ፊደሉ ይንቀጠቀጣል። "ይችን ዳዊት ልፈጽማት እንጂ ከዚያ ወዲያ ቢያሰናብተኝም ግድ የለኝ" ይሉ ነበር። የመጨረሻ መጽሐፋቸው እንደምትሆን እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ባለቤቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጋቢትና ለሚያዝያ ሙቀት ብሎ ኤሲ ገዝቶ ጓዳችን ውስጥ አስገጥሞ ነበር። ማሽኑ ሁለት ሥራ አለው። ሪሞቱ ላይ የበረዶ ምልክቱን ሲጫኑት ያቀዘቅዛል፣ የፀሐይ ምልክቱን ሲጫኑት ያሞቃል። የፀሐዩን ነክተነው አናውቅም፤ ባሕር ዳር ላይ ማሞቂያ ማን ይፈልጋል? ሐምሌ ላይ ግን የሐይቁ እርጥበት ግድግዳ ሰርስሮ ይገባል፤ የቁርጥማት በሽተኛ ያውቀዋል። ያ ማሽን ትዝ ሲለኝ "አባባ፣ እኔ ዘንድ ይምጡ። ክፍልዎን አሞቅልዎታለሁ፤ ብራናውም አይርስብዎትም" አልኳቸው። ቃል ገባሁ ማለት ነው። የተጀመረውን ዳዊት በሻሽ ጠቅልለው፣ ብርዓቸውንና የቀለም ቀንዳቸውን ይዘው መጡ፤ ጓዳውን ለቀቅኩላቸው።

በመጡ ማግሥት የፀሐዩን ምልክት ተጫንኩት። ማሽኑ ተነሣ፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ቆየና ቀዝቃዛ አየር ተነፈሰ። ማጣሪያውን አውጥቼ አጠብኩ። የሪሞቱን ባትሪ ቀየርኩ። ሠላሳ ዲግሪ ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ። ያው ነው። ስለዚህ ማሽኑን የገጠመልንን ይበልጣልን ጠራሁት።

ይበልጣል ኤሲና ፍሪጅ ይጠግናል። ሰው ሁሉ "ኢንጂነር" ይለዋል፣ እሱም አይጠላም። የማርያም ማኅበርተኛችን ነው፤ ከእሱና ከሚስቱ ጋር በየወሩ በሃያ አንድ አብረን ጽዋ እንጠጣለን። መጀመሪያውኑም ሌላ ሰው ሳንፈልግ እሱን ያሠራነው ማኅበርተኛ ወንድም ነው ብለን ነው።

በመጀመሪያው ቀን "ጋዝ አልቋል" አለና ሞልቶ ሄደ። አልሞቀም። ሁለተኛ መጣ፤ በረንዳ ላይ ያለውን የውጭውን ሳጥን ከፈተ፣ ውስጡን አየት አድርጎ ዘጋውና "ዝናቡ ነው፤ ማሽኑ ራሱ በርዶታል። ሰማዩ ሲገለጥ ይስተካከላል" አለኝ። በረደኝ ለሚል ሰው በጋ ሲመጣ ይሞቅሃል ማለት ነው። እኔም ሞኝ፣ ማኅበርተኛ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ሦስተኛ ሲመጣ ጎረቤታችን እትዬ ዝማም ቤታችን ተቀምጠዋል። ሳጥኑን እንደገና ከፍቶ ዘጋ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

"ውዴ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። አባታችን ናቸው ሪሞቱን እንደ መቁጠሪያ ሲያገላብጡት እየዋሉ ግራ ያጋቡት። ደግሞስ ለሽማግሌ ጋቢ ይበቃዋል፤ ኤሲ ምን ያደርግላቸዋል?"

እትዬ ዝማም ሳቅ አመለጣቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አባቴ ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

አባቴ ሪሞቱን የነኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። "ይችን ነው የሚጫኑት?" ብለው ጠይቀውኝ ጣታቸውን ፀሐይዋ ላይ አሳርፈው ነበር። ያች አንድ ቀን ለጥፋተኝነት በቃቻቸው። ይበልጣል ከወጣ በኋላ "ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ። ያልተማረ እጅ" አሉኝ። ስንት ወንጌል፣ ስንት ተአምረ ማርያም የጻፈ እጅ ነው ያልተማረ የተባለው! ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አመጡና፣ ዳግመኛ እንዳይነኩት መስኮቱ ላይ አርቀው አስቀመጡት።

ያን ዕለት ሆዴ ውስጥ የገባው እሳት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይበልጣል በሩን ሳይሻገር ረስቶታል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስተኛም ስነሣም አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ይህን ሰው በምን አዋርደዋለሁ?

መልሱ በልብስ ገመድ ላይ መጣልኝ።

ረቡዕ ነው፤ የሥራ ተራዬ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ክረምት ላይ ልብስ ሦስት ቀንም አይደርቅ። ቦታ ሲጠበኝ የአባቴን ነጠላ በረንዳው ላይ፣ ከኤሲው የውጭ ሳጥን ፊት ለፊት ዘረጋሁት። ማሽኑን እንደ ልማዴ ምናልባት ይሞቅ ይሆናል ብዬ ፀሐዩ ላይ ከፍቼው ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ሌላው ልብስ ውሃው ይንጠባጠባል፤ ነጠላው ግን ክው ብሎ ደርቋል።

እጄን ሳጥኑ ፊት ዘረጋሁ። የሚወጣው ነፋስ ትኩስ ነው። ሮጬ ቴርሞሜትሬን አመጣሁ። በረንዳው ላይ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ። ጓዳ ውስጥ አባቴ በጋቢ ተጠቅልለው የተቀመጡበት ዐሥራ ሰባት፣ እሱም እየወረደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቴን እያቀዘቀዝኩ በረንዳዬን ሳሞቅ ከርሜያለሁ!

የፋብሪካችን ኤሌክትሪሽያን ጋሽ ተስፋዬ ጋ ደወልኩ። ሳቁና አስረዱኝ።

"ያ ማሽን ሙቀት አይፈጥርም፤ ተሸካሚ ነው። ሲያቀዘቅዝ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፣ ሲያሞቅ ደግሞ የውጭውን ወደ ቤት ያስገባል። መንገዱን የሚያዞርለት አንድ ቫልቭ አለ፤ እላዩ ላይ ኮይል የሚሉት የሽቦ ጥቅል ተቀምጧል፣ በሁለት ሽቦ መብራት ሲገባለት ነው ቫልቩን የሚያዞረው። የአንቺ ማሽን መንገዱን አላዞረም። ጋዝ ቢያልቅማ ወደ ውጭም ባልሞቀ። ሽቦውን እይው፤ መጀመሪያ ግን ከቆጣሪ አጥፊ።"

አጠፋሁ። የሳጥኑን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። ኮይሉን አገኘሁት። ሁለቱ ሽቦዎች ተቆርጠዋል። አይጥ የበላቸው አይደሉም፤ በጉጠት እኩል ተቆርጠው፣ ጫፋቸው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ወደ ጥግ ታጥፈዋል። ሲያዩት ያምራል። ያን ሳጥን ከይበልጣል በቀር የከፈተው ሰው የለም። ተጠርቶ መጥቶም ሁለት ጊዜ ከፍቶ በዓይኑ አይቶታል፤ አይቶ ዘግቶታል፤ ከዚያ አባቴን ከሰሳቸው።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ሳልሸፍን እጽፋለሁ። ሽቦውን መቀጠል አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሽቦ መቀጠል አያቅተኝም፣ ፕላስተርም ቤት ውስጥ ነበረኝ። ካቻቢቴውን አነሣሁና ሳጥኑን እንደነበረ ዘጋሁት።

ምክንያት ነበረኝ። አሁን ብቀጥለው ማሽኑ ይሞቃል፤ ይበልጣል ሲሰማ "ጋዙ ቆይቶ ይሠራል ብያችሁ አልነበር?" ይላል፤ የአባቴም ስም እንደጠፋ ይቀራል። የፊታችን እሑድ ሐምሌ ሃያ አንድ ነች፤ የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነው። የማኅበራችን ቄስ መምሬ ፈንታ ይመጣሉ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ይመጣል፣ ይበልጣልና ሚስቱም ይመጣሉ። አባቴ በሰው ፊት ተዋረዱ፤ እሱም በሰው ፊት ይዋረዳል። አራት ቀን ምንድን ነው? ሦስት ሳምንት የታገሡ ሰው አራት ቀን አያቅታቸውም አልኩ።

ለአባቴ ምንም አልተናገርኩም፤ ብነግራቸው ምሕረት ያውጁለታል ብዬ ፈራሁ። ሐሙስና ዓርብ ጠዋት ውሃ አሙቄ በላስቲክ ጠርሙስ ሰጠኋቸው። ጠርሙሱን ታቅፈው ይቆዩና ብርዑን ያነሣሉ፣ ሁለት ሦስት ፊደል ይጥላሉ፣ ያስቀምጣሉ። ዓርብ ዕለት የጻፉትን መስመር ሲፍቁ አየኋቸው። አይዞዎት እሑድ ይደርሳል አልኩ በልቤ። ብቻዬን ስሆን ግን እሑድ የምናገረውን ቃል በቃል አጠና ነበር፤ ድስት ሳጥብ እንኳ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ቅዳሜ ለማኅበሩ የሚሆነውን ልገዛ ገበያ ዋልኩ።

እሑድ ደረሰ። መምሬ ፈንታ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ፤ ተበላ፣ ጠላው ተቀዳ። አባቴ ከመምሬ አጠገብ በክብር ቦታ ተቀምጠዋል። ይበልጣል ነጭ ለብሶ ከሚስቱ ጎን ሆኖ ይጫወታል። ሁሉም እስኪጠግብ ጠበቅኩ።

"ይበልጣል ወንድሜ" አልኩት በለሰለሰ ድምፅ፣ "መምሬም ይስሙ፣ ያ ማሽናችን በሽታው ምንድን ነበር ያልኸኝ?"

ምን ክፉ ነገር ይጠረጥራል? ጠላውን ጎንጨት አለና ዘረዘረው። ስለ ጋዙ አወራ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ በመጨረሻ "እንግዲህ አባታችን ሪሞቱን ሲነካኩት..." ብሎ ሳቀ። ጥቂት ሰዎች አብረውት ሳቁ። አባቴ አንገታቸውን ደፉ።

"እስቲ በረንዳ ድረስ ኑልኝ" አልኩ።

ሁሉም ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ፤ አባቴ ብቻ ቀሩ። ከቆጣሪ አጠፋሁ፣ ሳጥኑን በሁሉም ፊት ፈታሁት። የታጠፉትን ሽቦዎች ሳብ አድርጌ አሳየሁ፤ ኮይሉ ምን እንደሚሠራ ጋሽ ተስፋዬ እንዳስረዱኝ አስረዳሁ። ከዚያ ያጠናሁትን ተናገርኩ፦

"ሪሞት የሚነካካ ሽማግሌ ሽቦ በጉጠት ቆርጦ በፕላስተር ይጠቀልላል ወይ? ይህን ማን ቆረጠው?"

ይበልጣል ፊቱ አመድ መሰለ። "የፋብሪካ..." ብሎ ጀመረ።

"ይበልጣል" አሉ መምሬ ፈንታ፣ "ዛሬ የእመቤታችን ቀን ነው። ጽዋዋን ይዘህ ቆመሃል።"

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "እኔ ነኝ" አለ። "ሰው በሚያዝያ ሳያውቅ ፀሐዩን ይጫንና 'ማሽንህ አቃጠለን' ብሎ ይጠራኛል። ለአንድ ቁልፍ ብለው ሥራ ከሄድሁበት ከሐሙሲት ድረስ ያስመልሱኛል። ባሕር ዳር ላይ ማን ይሞቃል ብዬ ነው እንጂ በክፋት አይደለም። ስገጥም ቆርጨ ነው የምገጥመው።"

"የሁሉንም?" አለ ከማኅበርተኞቻችን አንዱ፤ እንግዳ ማረፊያ አለው፣ ስምንት ክፍል ኤሲ ያስገጠመው በይበልጣል ነው።

ይበልጣል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ታዲያ ውዴ ስትጠራህ ለምን አልቀጠልኸውም?" አሉት እትዬ ዝማም። ያኔ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ከሁሉ በላይ ተቆጥተዋል።

"ቆርጨው ነበር ማለት አፈርሁ" አለ። "ባሏ ደግሞ አስተማሪ ነው።"

ስለዚህ እሱ እንዳያፍር አባቴ ይፈሩ! ሚስቱ ነጠላዋን ተከናንባ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች፤ እሱም ጭብጦውን እንደተቀማ ሰው ዙሪያውን እያየ ተከተላት። ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፤ በሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ ያለኝ አይመስለኝም።

ሽቦዎቹን በማኅበርተኛው ፊት ቀጠልኩ፣ ጠቀለልኩ፣ አበራሁ። ትንሽ ቆይቶ ሳጥኑ ቀዝቃዛ ነፋስ መትፋት ጀመረ፣ ጓዳው ሞቀ። እትዬ ዝማም እልል አሉ። ወደ አባቴ ሮጥኩ።

"አባባ፣ ይምጡ! እርስዎ አላበላሹም፤ እሱ ነው፣ በሰው ፊት አመነ! እጅዎን ያሙቁ!"

ክንዳቸውን ይዤ ጓዳ አስገባኋቸው። እጃቸውን ወደ ማሽኑ ዘረጉ፣ ጣታቸውን ከፈት ጨበጥ አደረጉ። "ተመስገን፣ እንዴት ይሞቃል!" አሉ። ፊታቸው በራ።

በድግሱ ስዋከብ ከትናንት ወዲህ ልብ ያላልኩትን ጠረጴዛ ያየሁት ያኔ ነው። ብራናው የለም። ሻሹ ብቻ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

"ዳዊቱስ አባባ?"

"ትናንት ላክሁት። አንች ገበያ ሳለሽ እትዬ ዝማምን ስልክ አስደውየ የገዳሙን ሰው አስጠራሁት፤ በጀልባ መጥቶ ወሰደልኝ። ወጣት ጸሐፊ አላቸው፣ እጁ ያምራል። ዓርብ የጻፍሁትን አይቸ ተስፋ ቆረጥሁ። በዚህ እጄ የእግዚአብሔርን ቃል ከማበላሽ፣ ያንችንም ቤት በማሽን ከማስጨንቅ ብየ ነው።"

"ነገ በጀልባ ሄጀ አመጣዋለሁ!"

"አይሆንም። ለልጁ መርቄ ነው የላክሁለት። መርቄ የሰጠሁትን አልነጥቅም።"

አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ ካሉ አለቀ። ሳሎን ውስጥ ማኅበርተኛው በይበልጣል ይስቃል።

"አንችስ ሽቦውን መቼ አገኘሽው?" አሉኝ።

ዛሬ ማለት እችል ነበር። ምላሴ ግን እምቢ አለኝ።

"ረቡዕ" አልኳቸው።

"ረቡዕ" አሉ እሳቸውም። እጃቸውን ከሞቀው አየር መለስ አደረጉና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ወሩ ሳይሞላ ይበልጣል መምሬ ፈንታንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ ቤታችን መጣ። መምሬ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ፤ ማኅበሯን አታፍርሽ" አሉኝ። አባቴም ከጎናቸው ሆነው "ይቅር በይው" አሉኝ። ይበልጣል እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩትና "ለእግዚአብሔር ብየ ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት እየዞረ የቆረጠውን ሁሉ በነጻ ቀጠለ፤ ሰው አሁንም ሲያየው "ኢንጂነር፣ ቆርጠህ ነው የገጠምኸው?" እያለ ይቀልድበታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር፣ ይቅር ብዬም ቢሆን፣ ደስ ይለኛል። ለእሱ እስከ ዛሬ አላዘንኩለትም።

አባቴ ክረምቱን በሞቀ ክፍል ጨርሰው መስከረም ላይ ወደ አንበሳሜ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ብርዕ አላነሡም። ስለዚያች ረቡዕም አንድ ቀን እንኳ አንሥተውብኝ አያውቁም። ሁለት ጊዜ እግራቸው ሥር ተቀምጬ "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብያቸው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሴን ዳበስ አድርገው "ምን አጠፋሽና ልጄ?" አሉኝ። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ይበልጣል ሽማግሌ ላከብኝ፣ ታረቅን። እኔ ለአባቴ ሽማግሌ ብልክ "ከልጄ ጋር መቼ ተጣላሁ" ብለው ይመልሷቸዋል። ያልተጣላኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልታረቀው?